«ሰይጣን ያለበት» ቤት ለደራሲ ምን ይሰጣል?

ልብ ወለድ ስጽፍ «ሰይጣን አለበት» የተባለ ቤት የምጎበኘው ሰይጣኑን ፍለጋ አይደለም፤ አንባቢን የሚያስፈራው የቦታው ዝርዝር ነውና። አሜሪካዊው ደራሲ ስቲቨን ኪንግ እ.ኤ.አ. በ1974 ከባለቤቱ ጋር በኮሎራዶው ስታንሊ ሆቴል፣ 217 ቁጥር ክፍል አደረ። ሆቴሉ ለበረዶው ወራት ሊዘጋ ስለነበር ሌላ እንግዳ አልነበረም ማለት ይቻላል። ያ ጭርታ በ1977 ለታተመው «ዘ ሻይኒንግ» መነሻ ሆነ።

እኔም አስፈቅጄ ስገባ ሦስት ነገር እመዘግባለሁ፦ የቤቱን ድምፅ፣ ሽታውን፣ ዘበኛው ወሬውን ሲያወራኝ ድምፁን ዝቅ የሚያደርግበትን ቦታ። በቤቱ በእርግጥ ሰው ሞቶ ከሆነ ግን፣ የሟቹን ስምና የቤተሰቡን ሐዘን ለታሪኬ አልወስድም። ፍርሃቱ ይበቃኛል፤ ሐዘኑ የባለቤቶቹ ነው።