የዘመን ፍላጻ እና የቪየናው ሙግት

ከካህኑ ጽና የወጣው የዕጣን ጢስ በቤተ መቅደሱ ሁሉ ከናኘ በኋላ ተሰብስቦ ወደ ፍሙ ሲመለስ ያየ ሰው ከጥንት ጀምሮ የለም። ነገር ግን ኒውተን በ1687 (ዘመናቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ባሳተመው መጽሐፍ የደነገገው የእንቅስቃሴ ሕግ ይህን መመለስ ከቶ አይከለክልም፤ የአንዲት ቅንጣት ጉዞ ወደ ኋላ ቢቀለበስ፣ የተቀለበሰው ጉዞም ለሕጉ ፍጹም ታዛዥ ነውና። ታዲያ ሕጉ የፈቀደውን ነገር ፍጥረት ስለ ምን ነሣን? ይህ ጥያቄ በቪየና ከተማ ሁለት ወዳጆችን አሟግቷል፤ ሙግታቸውም ከልብ የሚወደድ ነው።

ዮሴፍ ሎሽሚት በ1821 ቦሄሚያ ውስጥ ከድኻ ገበሬ ቤት ተወልዶ፣ በ1865 የአየር ሞለኪዩል ስፋት የአንድ ሚሊሜትር ሚሊዮንኛ ያህል መሆኑን የገመተ ሊቅ ነው። ሉድቪግ ቦልትስማን ደግሞ በዕድሜ 23 ዓመት የሚያንሰው፣ ዮሴፍ ስቴፋን ይመራው በነበረው፣ በኤርድበርግ ሰፈር በሚገኘው ጠባብ የፊዚክስ ተቋም አብሮት የሠራ ወዳጁ ነበር። ይህ ቦልትስማን በ1872 የጋዝ ሞለኪዩሎችን ግጭት መርምሮ፣ የፊዚክስ ሊቁ ክላውዚየስ ኤንትሮፒ ብሎ የሰየመው የመበታተን መጠን ዘወትር እየጨመረ እንጂ እየቀነሰ እንደማይሄድ ከእንቅስቃሴ ሕግ ያረጋገጠ መሰለው።

ሎሽሚት በ1876 ተነሥቶ፣ የሞለኪዩሎቹ ሁሉ ጉዞ በአንዲት ቅጽበት ወደ ኋላ ቢዞር እያንዳንዱ የመጣበትን ፍኖት ተከትሎ እንደሚመለስ፣ ያን ጊዜም ኤንትሮፒው እንደሚቀንስ አመለከተ። ፊትና ኋላን ከማይለይ ሕግ፣ ወደ ፊት ብቻ የሚያይ ፍርድ ሊወጣ አይችልም ማለቱ ነው።

ቦልትስማን ተቃውሞውን በአክብሮት ተቀብሎ በ1877 የመለሰው መልስ ከቀደመው ድካሙ ሁሉ የጠለቀ ሆነ፦ መመለሱ አይቻልም አይባልም፤ ነገር ግን የተበታተነው አደራደር ኅልቈ መሳፍርት የሌለው ሲሆን የተሰበሰበው እጅግ ጥቂት ነው። 100 ሞለኪዩሎች ብቻ በአንድ ሣጥን ውስጥ ቢኖሩ፣ በግራና በቀኝ የሚከፈሉበት መንገድ ቁጥሩ ባለ 31 አኃዝ ይሆናል፤ ሁሉም በቀኝ በኩል የሚከማቹበት ግን አንዱ ብቻ ነው። በአንድ ኩብ ሴንቲሜትር አየር ውስጥ ደግሞ 27 ቢሊዮን ጊዜ ቢሊዮን ያህል ሞለኪዩል አለ።

እንግዲህ በ1927 የሥነ ፈለክ ሊቁ ኤዲንግተን በኤዲንብራ ባስተማረው ትምህርት የዘመን ፍላጻ ብሎ የሰየመው አቅጣጫ የሚጸናው በብዛት ነው፤ ብዛትም ብቻውን አይበቃም። ዕጣኑ የሚናኘው አስቀድሞ ተሰብስቦ ስለ ነበረ ነውና፣ ዓለምም ከጥንቱ ከተሰበሰበ ሥርዓት መነሣት ነበረባት፤ ቦልትስማን ራሱ እስከዚህ ድረስ ደርሷል፤ የዚያ ጥንት ምክንያት ግን እስከ ዛሬ ሊቃውንትን ያከራክራል።

ሎሽሚት በ1895 ካረፈ በኋላ ቦልትስማን ባደረገው የመታሰቢያ ንግግር፣ የወዳጁ ሥጋ ወደ አቶሞቹ መበተኑን አስታውሶ፣ ብዛታቸው ሟቹ ራሱ ባስተማረው መንገድ እንደሚሰላ ተናገረ፤ ቁጥሩንም በሰሌዳ ላይ አስጻፈ። እነዚያ አቶሞች በመጡበት ፍኖት ይመለሱ ዘንድ ሕጉ እንደማይከለክል ያስተማረው ያው ሟች ነበር፤ እንደማይመለሱ ደግሞ ከቆመው ወዳጁ ይልቅ የሚያውቅ አልነበረም።