የጨረር ሚዛን፦ ኃይለኛ መብራቶች በሌሊት ሜዳ የተፈተኑበት ታሪክ

በአንድ ክፍል ውስጥ ደምቆ የሚያበራ መብራት ሜዳ ላይ ሲወጣ ከጥቂት ሜትር አልፎ መዝለቅ ሊያቅተው ይችላል፤ በአንጻሩ በቤት ውስጥ ደካማ የሚመስል ሌላ መብራት ብርሃኑን በአንድ አቅጣጫ ሰብስቦ ስለሚወረውር ከሸለቆ ማዶ ያለውን ገደል ለይቶ ያሳያል። ስለዚህም መብራት ምን ያህል ብርሃን ያመነጫል የሚለውና ብርሃኑ ምን ያህል ይርቃል የሚለው ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው። ይህን ልዩነት በተግባር የተረዱትና ጨረሮችን በሌሊት፣ በደጅና በእውነተኛ ርቀት የማወዳደር ሥርዓት የዘረጉት በአውሮፓ የባሕር ዳርቻዎች ላይ መርከበኞችን የሚመሩ የመብራት ማማዎችን የሠሩ መሐንዲሶች ነበሩ። ዛሬ በእጅ ባትሪ ማሸጊያ ላይ የሚታተመው የርቀት አሃዝም የእነርሱ ሥራ የሩቅ ውላጅ ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰሉ ናቸው።

ብርሃንን ማወዳደር አስቸጋሪ የሚሆነው በመጀመሪያ ደረጃ በዓይን ጠባይ ምክንያት ነው። ዓይን በጨለማ ውስጥ ሲቆይ ራሱን ከጨለማው ጋር ያስማማል፤ በድንገት ብርሃን ሲያይ ደግሞ ወዲያው ይጠባል፤ በመሆኑም ትናንት ያየውን መብራት ዛሬ ከሚያየው ጋር በትዝታ ሊመዝን አይችልም። ፈረንሳዊው ሊቅ ፒየር ቡጌ በ1729 ባሳተመው የብርሃን ጥናት ያቀረበው መፍትሔ ዓይን የብርሃንን መጠን መናገር ባይችልም ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ገጾች እኩል መድመቃቸውን ግን በሚገባ መፍረድ ይችላል በሚል መርሕ ላይ የቆመ ነበር። ቡጌ በዚሁ ዘዴ፣ ሻማን መሸጋገሪያ አድርጎ፣ የፀሐይን ብርሃን ከሙሉ ጨረቃ ብርሃን ጋር በማነጻጸር ፀሐይ 300,000 ጊዜ ያህል እንደምትበልጥ ገመተ። በ1760 ዮሃን ሃይንሪሽ ላምበርት የዚህን የብርሃን ልኬት ትምህርት፣ ማለትም የፎቶሜትሪን፣ ሕግጋት በሒሳብ አደራጅቶ አወጣ። ከሕግጋቱ መካከል ለጨረር ታሪክ ዋነኛው አንድ ገጽ ከመብራቱ የሚኖረው ርቀት እጥፍ ሲሆን የሚያርፍበት ብርሃን ወደ ሩብ፣ ርቀቱ ሦስት እጥፍ ሲሆን ደግሞ ወደ አንድ ዘጠነኛ ይወርዳል የሚለው ነው።

በ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ጀርመናዊው ኬሚስት ሮበርት ቡንዘን ይህን መርሕ ማንም ባለሙያ ሊሠራበት ወደሚችል ቀላል መሣሪያ ለወጠው። በነጭ ወረቀት መካከል የቅባት ጠብታ ይደረግና ወረቀቱ በሁለት መብራቶች መካከል ይቆማል፤ ቅባት የነካው ቦታ ብርሃን ስለሚያሳልፍ አንደኛው ወገን ሲደምቅ ነጥቡ ጠቁሮ ወይም ነጥቶ ይታያል፤ ወረቀቱ ወዲያና ወዲህ ሲንቀሳቀስ ቆይቶ ሁለቱም ወገኖች እኩል ብርሃን የሚያገኙበት ቦታ ላይ ሲደርስ ግን ነጥቡ ከዓይን ይጠፋል። በዚያን ጊዜ ሻማው ከወረቀቱ አንድ ሜትር፣ መብራቱ ደግሞ አምስት ሜትር ርቆ ከተገኘ መብራቱ የ25 ሻማ ጉልበት አለው ማለት ነው። ሻማው ራሱ መለኪያ እንዲሆን ደግሞ የታወቀ ሻማ መሆን ነበረበት፤ በመሆኑም በ1860 የወጣው የለንደን የጋዝ ሕግ ከዓሣ ነባሪ ስብ የተሠራ፣ ስድስቱ አንድ ፓውንድ የሚመዝኑና በሰዓት 120 ግሬን፣ ማለትም ወደ 7.8 ግራም የሚቃጠል ሻማ መለኪያ እንዲሆን ደነገገ። ዛሬ በዓለም አቀፍ ደረጃ የሚሠራበት ካንዴላ የተባለው መለኪያ ስሙንም መጠኑንም ከዚህ የሻማ ልማድ የወረሰ ሲሆን መብራት በአንድ የተወሰነ አቅጣጫ የሚወረውረውን ብርሃን ጥንካሬ ያመለክታል።

ሻማም ሆነ ፋኖስ ብርሃኑን ወደየአቅጣጫው ስለሚበትን ከማማ ላይ ወደ ባሕር የሚደርሰው ጥቂቱ ብቻ ነበር። በ1780ዎቹ ኤሜ አርጋን የፈለሰፈው፣ ቱቦ መሰል ክርና የመስታወት ጭስ መውጫ ያለው የዘይት መብራት ነበልባሉን እጅግ አጠነከረው፤ ይሁን እንጂ ያንን ነበልባል ወደ አንድ አቅጣጫ የመምራቱ ሥራ በብር በተለበጡ፣ በፓራቦላ ቅርጽ በተበጁ የመዳብ መስተዋቶች ላይ የተጣለ ነበር። ፓራቦላ ማለት መብራቱ በትኩረት ነጥቡ ላይ ሲቀመጥ ከየአቅጣጫው የሚመጣበትን ብርሃን ትይዩ አድርጎ የሚመልስ ጎድጓዳ ቅርጽ ነው። መስተዋቱ ግን ከሚደርሰው ብርሃን ብዙውን ያስቀርበት ነበር፤ የባሕር ጨውና የመብራት ጥቀርሻም ልባጡን ያደበዝዙት ነበር።

በ1819 የፈረንሳይ የመብራት ማማዎች ኮሚሽን ባልደረባ የሆነው መሐንዲስ ኦጉስታን ፍሬኔል መስተዋቱን በሌንስ ለመተካት ተነሣ። አንድ ወጥ ትልቅ ሌንስ ቢሠራ ውፍረቱና ክብደቱ ስለማይቻል ፍሬኔል የሌንሱን ሆድ አስወጥቶ ብርሃን የሚያጥፈውን የላይ ገጽ ብቻ በማስቀረት፣ መሐል ላይ አንድ ሌንስ፣ ዙሪያውን ደግሞ እየተደራረቡ የሚሄዱ የመስታወት ቀለበቶችን አቀናጀ። እነዚህ ቀለበቶች እያንዳንዳቸው የሚያርፍባቸውን ብርሃን በየራሳቸው ማዕዘን እያጠፉ ሁሉንም ወደ አንድ ትይዩ ጨረር ያመጡታል። በ1821 ሚያዝያ ወር በአደባባይ በተደረገ ፍተሻ የፍሬኔል ሌንስ በዘመኑ ከነበሩት አዳዲስ መስተዋቶች ጋር ጎን ለጎን ቀርቦ በግልጽ በለጣቸው። በነሐሴ 20 ቀን 1822 ደግሞ ስምንት የሌንስ ገጾች ያሉት ተሽከርካሪ መሣሪያው በምሽት በርቶ የኮሚሽኑ አባላትና ንጉሥ ሉዊ 18ኛ ከነአጃቢዎቻቸው 32 ኪሎ ሜትር ርቀው ተመለከቱት። ርቀቱ ለታይታ የተመረጠ አልነበረም፤ መርከበኛው በእውነት የሚቆምበት ርቀት ስለሆነ መብራቱ ሊፈረድ የሚገባውም ከዚያ ነበር። ይኸው መሣሪያ በሐምሌ 25 ቀን 1823 በጂሮንድ ወንዝ አፍ በሚገኘው የኮርዱዋን ማማ ላይ ተለኮሰ። ፍሬኔል ከአራት ዓመት በኋላ በ39 ዓመቱ በሳንባ ነቀርሳ ቢሞትም ሌንሱ ከዚያ በኋላ የብዙ አገር ዳርቻዎችን አብርቷል።

ከዚህ ሁሉ የሌሊት ፍተሻ ሰፊው በእንግሊዝ አገር፣ በዶቨር አቅራቢያ በሚገኘው በሳውዝ ፎርላንድ የተካሄደው ነው። በዚህ ስፍራ በ1858 ፍሬድሪክ ሆምስ የሠራው ማመንጫ ያስነሣው የኤሌክትሪክ አርክ መብራት፣ ማለትም ሁለት የከሰል ዘንጎች ጫፍ ለጫፍ ተቃርበው በመካከላቸው በሚዘለው ብልጭታ የሚያበራ መብራት፣ በማይክል ፋራዳይ ክትትል ተሞክሮ ነበር። ከዚያ በኋላ ዘይት፣ ጋዝና ኤሌክትሪክ እርስ በርስ ሲፎካከሩ ውዝግቡ ተካረረ፤ የጆን ዊገምን የጋዝ መብራት የደገፈው ሊቅ ጆን ቲንዳል በ1883 ከአማካሪነት ሥራው እስከ መልቀቅ ደረሰ። የእንግሊዝን ማማዎች የሚያስተዳድረው ትሪኒቲ ሃውስ ክርክሩን ለመዝጋት በ1884 እና በ1885 ሦስት የመሞከሪያ ማማዎችን ጎን ለጎን አቁሞ አንዱን በኤሌክትሪክ፣ ሁለተኛውን በጋዝ፣ ሦስተኛውን በዘይት አበራ፤ ተመልካቾችም ከየብስና ከባሕር ሆነው ጠራ ባለ ሌሊትም ጉም በጋረደው ሌሊትም ያዩትን መዘገቡ። ፍርዱ ሚዛናዊ ነበር፤ ለተለመደው አገልግሎት የማዕድን ዘይት ከሁሉ የተሻለና ርካሽ ነው፣ እጅግ ኃይለኛ ብርሃን ለሚፈልጉ ዋና ዋና የባሕር ዳርቻ ቦታዎች ግን ኤሌክትሪክ ይበልጣል ተባለ። ከቁጥሮቹ ይልቅ ዘመን የተሻገረው ዘዴው ነው፤ ቦታው አንድ፣ ሌሊቱ አንድ፣ ርቀቱ አንድ ሆኖ ልዩነቱ መብራቱ ብቻ እንዲሆን ተደርጓል። ፈረንሳዊው ኤሚል አላርም በ1876 ባቀረበው ጥናት ጨረር በርቀት ብቻ ሳይሆን በሚያልፍበት አየር ጥራትም እየደከመ እንደሚሄድ በቀመር አሳይቶ ነበርና የአንድ ሌሊት ውጤት ለሌላ ሌሊት እንዳለ ሊወሰድ እንደማይገባ ታወቀ።

ጨረር ከማማ ወርዶ በሰው እጅ የገባው በዚያው መቶ ዘመን መጨረሻ ላይ ነው። ፈሳሽ የማያፈስ ደረቅ የባትሪ ድንጋይ ለገበያ ከቀረበ በኋላ ዴቪድ ሚሴል በጥር 1899 ቱቦ ቅርጽ ላለው የእጅ ባትሪ በአሜሪካ የፈጠራ ባለመብትነት ማረጋገጫ ያገኘ ሲሆን መብቱ የኮንራድ ሁበርት ኩባንያ ሆነ። የመጀመሪያዎቹ ባትሪዎች ለኒው ዮርክ ፖሊሶች ተሰጥተው የተሞከሩ ቢሆንም የካርቦን ክር የነበራቸው አምፖሎች ድንጋዩን ቶሎ ስለሚጨርሱት ሰው አንዴ ብልጭ እያደረገ ያጠፋቸው ነበር። ከ1910 ወዲህ የተንግስተን ክር ሲመጣ ብርሃኑ ረጋ፤ ነጭ ብርሃን የሚሰጠው ኤል.ኢ.ዲ. ደግሞ ከ1990ዎቹ ሰማያዊ ኤል.ኢ.ዲ. ፈጠራ ተወልዶ የእጅ ባትሪን ጉልበት በብዙ እጥፍ አሳደገው፤ ለሰማያዊው ኤል.ኢ.ዲ. ኢሳሙ አካሳኪ፣ ሂሮሺ አማኖና ሹጂ ናካሙራ በ2014 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። የጉልበቱ እድገት ግን የልኬት ሥርዓት አልተከተለውም ነበር፤ አምራቾች በየፊናቸው የሚያውጁት የሚሊዮን ሻማ ጉልበት እንዴት እንደተለካ ገዢው የሚያውቅበት መንገድ አልነበረም።

ይህ ክፍተት የተሞላው በ2009 በአሜሪካ ኤፍ.ኤል.1 የተባለው መስፈርት ሲወጣ ነው። መስፈርቱ ሁለቱን የጥንት ጥያቄዎች ለየብቻ ይመልሳል፤ ሉመን መብራቱ ወደየአቅጣጫው የሚያመነጨውን ብርሃን ድምር ሲለካ ካንዴላ የጨረሩን መሐል ጥንካሬ ይለካል። የጨረር ርቀት የሚባለውም በአንድ ገጽ ላይ የሚያርፈው ብርሃን 0.25 ሉክስ፣ ማለትም በጠራ ሌሊት ሙሉ ጨረቃ ከምትሰጠው ጋር የሚቀራረብ፣ እስኪሆን ድረስ ያለው ርቀት ነው። በላምበርት ሕግ መሠረት 10,000 ካንዴላ ያለው ባትሪ 200 ሜትር ይደርሳል፤ ርቀቱን 400 ሜትር ለማድረስ ግን እጥፍ ሳይሆን አራት እጥፍ፣ ማለትም 40,000 ካንዴላ ያስፈልጋል። ስለዚህ ብርሃኑን የሚበትን የ1,000 ሉመን ባትሪ ብርሃኑን በሚሰበስብ የ400 ሉመን ባትሪ በርቀት ሊበለጥ ይችላል፤ ቅርብ ያለውን ግቢ በስፋት ለማየት ሲፈለግ ግን ፍርዱ ይገለበጣል።

ይሁንና አሃዙ የሌሊቱን ፍተሻ አይተካውም። ከማማ የሚወጣ ብርሃን አንድ መንገድ ብቻ ተጉዞ የመርከበኛው ዓይን ዘንድ ይደርሳል፤ የእጅ ባትሪ ብርሃን ግን ሄዶ፣ ዛፉን ወይም ግድግዳውን ነክቶ፣ ተመልሶ ለያዘው ሰው መድረስ አለበት፤ በመንገዱም አቧራና ጉም ከዓይኑ ፊት ነጭ መጋረጃ ይዘረጉበታል። በ0.25 ሉክስ ደግሞ ነገሩ መኖሩ ይታወቅ እንደሆነ እንጂ ምንነቱ አይለይም፤ በግማሹ ርቀት ብርሃኑ አራት እጥፍ ሆኖ አንድ ሉክስ ስለሚደርስ ለሥራ የሚበቃው ርቀት ከተጻፈው በእጅጉ ያጥራል። የብርሃኑ መጠን የሚለካውም ባትሪው ከበራ በኋላ ባሉት ከ30 ሰከንድ እስከ ሁለት ደቂቃ ስለሆነ ኃይለኛ ባትሪ ሲግል ብርሃኑን ራሱ እየቀነሰ መሄዱ በዚያ ቁጥር ውስጥ አይታይም።

እንግዲህ ባትሪዎችን በሚገባ ማወዳደር የሚሻ ሰው ሳውዝ ፎርላንድ ላይ የተሠራበትን ሥርዓት ሊከተል ይገባዋል፤ ሁሉንም ሙሉ በሙሉ ሞልቶ፣ በአንድ ሌሊትና በአንድ ሜዳ፣ ርቀቱ በተለካ አንድ ዒላማ ላይ፣ ዓይኑን ግማሽ ሰዓት ያህል ከጨለማው ጋር ካስማማ በኋላ ጎን ለጎን ያብራቸው፤ ፎቶግራፍ የሚያነሣ ከሆነም የካሜራውን የብርሃን ማስተካከያ በአንድ ልክ ቆልፎ ያንሣ፤ ካሜራው ራሱን እንዲያስተካክል ከተተወ ደካማውን አድምቆ፣ ጠንካራውን አደብዝዞ እኩል ያስመስላቸዋልና። ገዢም ሩቅ ለማየት ከሆነ ካንዴላውን፣ ሰፊ ቦታ ለማብራት ከሆነ ሉመኑን ይጠይቅ፤ ከሁለቱ አንዱን ብቻ የሚነግረው ማሸጊያ የመብራቱን ግማሽ እውነት እንደሸሸገ ይወቅ።