ከደርቢ ሜዳ እስከ ሩሌበን ጋጣ

«ሙያ በልብ ነው» ይላሉ አባቶች። ብሂሉ ሙያውን በአደባባይ ለሚለፍፍ ሰው ተግሣጽ ሆኖ ኖሯል። እኔ ግን በስደት ዓመታቴ ሌላ ፍቺ አገኘሁለት፤ ይኸውም አገሩን፣ ቤቱንና ወረቀቱን ያጣ ሰው ማንም ሊነጥቀው የማይችለው በልቡ የያዘውን ሙያ ብቻ ነው የሚል ነው። ይህን ሐሳብ ከነገሥታትና ከጦር አዝማቾች ታሪክ ይልቅ አጉልቶ የሚያሳየኝ የአንድ እንግሊዛዊ ኳስ ተጫዋች ሕይወት ነው። ስሙ ስቲቭ ብሉመር ይባላል። ዓመቶቹን ሁሉ የምጠቅሰው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ይወቅልኝ።

ብሉመር ጃንዋሪ 20 ቀን 1874 ክራድሌይ በምትባል የብረት ሠራተኞች መንደር ተወለደ። አባቱ ብረት ቀጥቃጭ ነበር። ቤተሰቡ እንጀራ ፍለጋ ወደ ደርቢ ከተማ ሲዛወር ስቲቭ ገና ሕፃን ነበር፤ ከፍ ሲልም እንደ አባቱ መዶሻ ጨበጠ። በአገራችን ቀጥቃጭ ምን ያህል በንቀት ይታይ እንደነበር መናገር አያሻም። የዚያ ዘመን የእንግሊዝ ኳስ ሜዳም የራሱ ጨዋና ባለእጅ ነበረው። በአንድ ወገን ከኦክስፎርድና ከኬምብሪጅ የወጡ፣ ለክብር እንጂ ለገንዘብ አንጫወትም የሚሉ የጨዋ ልጆች ነበሩ፤ በሌላ ወገን ደግሞ ከፋብሪካና ከማዕድን ጉድጓድ የመጡ፣ በእግራቸው የሚተዳደሩ ደመወዝተኞች ነበሩ። ተጫዋች ደመወዝ እንዲቀበል የተፈቀደው በ1885 ሲሆን፣ ብሉመር ለደርቢ ካውንቲ መጫወት የጀመረው ከሰባት ዓመት በኋላ በ1892 ነው።

ቀጠን ያለ፣ ፊቱም የገረጣ ስለነበር መልኩን ብቻ ያየ ሰው አጥቂ ነው ብሎ አይገምተውም። ኳስ በደረሰችው ጊዜ ግን ሳያቆም፣ በግራም ሆነ በቀኝ እግሩ ይመታት ነበር። ማርች 9 ቀን 1895 ለእንግሊዝ ብሔራዊ ቡድን በተሰለፈበት የመጀመሪያ ቀን፣ አየርላንድ 9 ለ 0 ስትሸነፍ ሁለቱን ግብ ያስቆጠረው እርሱ ነበር። በዓመቱ ካርዲፍ ላይ በዌልስ መረብ አምስት ግብ አገባ። በመጀመሪያዎቹ አሥር ግጥሚያዎቹ 19፣ እስከ 1907 ባደረጋቸው 23 ግጥሚያዎች ደግሞ 28 ግብ አስቆጥሯል። በ1911 ክብረ ወሰኑን የወሰደበት ቪቪያን ዉድዋርድ ያለ ደመወዝ የሚጫወት አርክቴክት መሆኑ የዚያን ዘመን ሁለት ዓለም በአንድ ዐረፍተ ነገር ይነግረናል።

ለመሆኑ ይህ ሁሉ ግብ ለባለቤቱ ምን አተረፈለት? ከ1901 ጀምሮ የእንግሊዝ ተጫዋች በሳምንት ከ4 ፓውንድ በላይ እንዳይከፈለው ተደንግጎ ነበር። ውሉ ቢያልቅ እንኳ ክለቡ ካልለቀቀው ወደ ሌላ ክለብ መሄድ አይችልም፤ ክለቡ ግን ሊሸጠው ይችላል። ደርቢም በ1906 ለሚድልስብሮ ሸጠው። በ1910 ተመልሶ መጣና በ1912 ክለቡ የሁለተኛውን ዲቪዚዮን አሸንፎ ወደ አንደኛው እንዲመለስ ረዳ። በሊጉ በጠቅላላው 352 ግብ አስቆጥሯል። የኤፍኤ ዋንጫን ግን አላነሣም፤ በ1898ም ሆነ በ1899 ለፍጻሜ ደርሶ ተሸነፈ። በ1914 መጀመሪያ፣ በ40 ዓመቱ፣ መጫወት ሲያቆም እንደማንኛውም ሠራተኛ ሌላ እንጀራ መፈለግ ነበረበት።

እንጀራው የተገኘው በሰው አገር ነው። በጁላይ 1914 ብሪታኒያ የተባለውን የበርሊን ክለብ ሊያሠለጥን ጀርመን ገባ። በኦገስት 4 ቀን ብሪታንያ በጀርመን ላይ ጦርነት ዐወጀች። የዓለም አንደኛ ግብ አግቢ ተብሎ ቢወደስ ኖሮ እንኳ ከእንግዲህ በመንግሥት መዝገብ የተጻፈው አንድ ቃል ብቻ ነበር፤ የጠላት አገር ዜጋ። ብሪታንያም በግዛቷ የሚኖሩ ጀርመኖችን ታስር ነበርና ግፉ የአንድ ወገን አልነበረም። በኖቬምበር 1914 ጀርመን እንግሊዛውያን ወንዶችን ሰብስባ በበርሊን ዳር ወደሚገኝ የፈረስ እሽቅድምድም ሜዳ አጋዘች። የቦታው ስም ሩሌበን ነው፤ በጀርመንኛ ቃል በቃል ቢተረጎም «ጸጥታና ሕይወት» እንደ ማለት ነው። እዚያም ከአራት ሺህ በላይ ሰዎች ፈረስ ይታሰርበት በነበረ ጋጣ ውስጥ ስድስት ስድስት እየሆኑ ታጎሩ።

እስረኞቹ ግን በዚያ ግቢ ውስጥ ቀስ በቀስ ትምህርት ቤት፣ ቲያትርና ቤተ መጻሕፍት አቋቋሙ። በኋላ በ1935 የኖቤል ሽልማት ያገኘው የፊዚክስ ሊቅ ጄምስ ቻድዊክ ከመካከላቸው ነበር። የጀርመን ሹማምንት በ1915 የሜዳውን መካከል ሲፈቅዱላቸውም የራሳቸውን የእግር ኳስ ማኅበር መሥርተው ሊግና ዋንጫ አዘጋጁ። እንደ ብሉመር ሁሉ ጀርመን ሊያሠለጥኑ ሄደው የተያዙት ፍሬድ ፔንትላንድ፣ ሳም ዎልስተንሆልምና ስኮትላንዳዊው ጆን ካሜሮን አብረውት ነበሩ። አርባን የተሻገረው ሰው እንደገና ጫማውን አሰረ። በግዞት ቤት ሰው በመጀመሪያ የሚያጣው የቀኑን ቅርጽ ነው፤ የዛሬው ማክሰኞ ከነገው ረቡዕ አይለይም። እሑድን የማያውቅ ግቢ የጨዋታ ቀን ሲኖረው ግን የሚጠበቅ ነገር አገኘ ማለት ነው። ለእኔ ብሉመር ካገባቸው ግቦች ሁሉ የሚበልጡት እዚያ ያገባቸው፣ በክብረ መዝገብ ያልተቆጠሩት ናቸው።

በዚሁ ግቢ የእኛን አገር ስም የሚያነሣ አንድ ሰው መታሰሩ ያስደንቀኛል። በኋላ ዘመን በእንግሊዝ የፈረስ ውድድር ሜዳ «ራስ ፕሪንስ ሞኖሉሉ» ተብሎ የታወቀው፣ ላባ በራሱ ላይ ሰክቶ የሚያሸንፈውን ፈረስ እጠቁማለሁ የሚለው ሰው ነው። የአቢሲኒያ ቤተ እስራኤል፣ በዘመኑ አጠራር የፈላሻ፣ አለቃ ነኝ ይል ነበር። እውነተኛ ስሙ ፒተር ማካይ፣ የትውልድ ቦታውም በካሪቢያን የምትገኘው የሴንት ክሮይ ደሴት ነበረች። አልፈርድበትም። በነጮች ዓለም ክብር የሚፈልግ ጥቁር ሰው ከአድዋ በኋላ ሊዋሰው የሚችለው ትልቅ ስም የእኛ ስም ሳይሆን አልቀረም ብዬ አስባለሁ። አንዱ የተዋሰውን ማዕረግ፣ ሌላው በልቡ የያዘውን ሙያ ይዘው ያንን ዘመን ተሻገሩት።

ብሉመር በማርች 1918 ወደ ገለልተኛዋ ሆላንድ እንዲሻገር ተፈቀደለት፤ አገሩ እስኪገባ ድረስም አምስተርዳም ውስጥ ብላው ዊት የተባለውን ክለብ አሠለጠነ። የጀርመን ግዞት ከስደት አላስበረገገውም፤ በ1923 ደግሞ ወደ ስፔን፣ ወደ ኢሩን ከተማ ሄደ። እርሱ ያሠለጠነው ሪያል ኡኒዮን በ1924 ፍጻሜ ሪያል ማድሪድን 1 ለ 0 አሸንፎ የንጉሡን ዋንጫ ወሰደ። በአገሩ ሁለት ጊዜ ከእጁ ያመለጠውን የዋንጫ ክብር በሰው አገር አገኘው። ከዚያም ወደ ደርቢ ተመልሶ በቀድሞ ክለቡ ሜዳ በልዩ ልዩ ሥራ ሲያገለግል ኖሮ ኤፕሪል 16 ቀን 1938 በ64 ዓመቱ ዐረፈ። ደርቢ ያንን የኤፍኤ ዋንጫ በ1946 ሲያነሣ እርሱ አላየውም። ዛሬ ግን ሐውልቱ በክለቡ ሜዳ ቆሟል፤ ከጨዋታ በፊትም በስሙ የተሰየመ መዝሙር ይዘመራል።

የስፖርት ታሪክ ጸሐፊዎች 28 እና 352 የሚሉትን ቁጥሮች ያወሳሉ፤ መልካም ያደርጋሉ። እኛ በሰው አገር የምንኖር አንባቢዎቹ ግን ከቁጥሩ ጎን ለጎን ያንን ጋጣ ማስታወስ አለብን። ከመካከላችን መምህሩ መኪና ይጠብቃል፣ ነርሷ የሰው ቤት ትጠርጋለች፤ የወረቀቱ መልስ እስኪመጣም ሙያው ተረስቶ ይዝጋል። ብሉመር ሙያውን ያላዛገው ሜዳ ስለተሰጠው ብቻ አይደለም። ሜዳው ከመፈቀዱ በፊትም የኳስ ሰው መሆኑን አልተወም ነበር።