የማይደገም ፍተሻ፦ ያረጀ የወይን ጠጅ ጠርሙስ መቼ ይከፈታል?

አንድ ዕቃ ዋጋው ከፍ ባለና ቁጥሩ ባነሰ መጠን ባለቤቱ ሊጠቀምበት እየፈራ እንደሚሄድ የታወቀ ነው። ለእንግዳ ተብሎ በቡፌ ውስጥ የተቆለፈ ብርጭቆ፣ ለክት ተብሎ በሣጥን ውስጥ የጠወለገ ልብስ በየቤቱ አይጠፋም። ይሁን እንጂ ይህ ፍርሃት ከሁሉ ይልቅ ጎልቶ የሚታየው በቆየ የወይን ጠጅ ጠርሙስ ላይ ነው። ዛሬ ቢከፈት ገና አልበሰለ ይሆናል፤ ነገ ቢከፈት ደግሞ ጊዜው አልፎበት ይሆናል። ቡሹ አንዴ ከተነቀለ በኋላ ወደ ነበረበት አይመለስም። ጥያቄው ከየት እንደ መጣና ሰዎች በየዘመኑ እንዴት እንደ መለሱት በአጭሩ እንመልከት። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄው የተወለደበት ዘመን

የጥንት ሮማውያን ወይን ጠጅን በሸክላ እንስራ አሽገው ለብዙ ዓመታት ያስቀምጡ ነበር። ከሁሉ ይልቅ ስሙ የገነነው ኦፒሚዩስ ቆንሲል በነበረበት ጊዜ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ121 ዓመት የተጠመቀው ነው። ፕሊኒ የተባለው ሮማዊ ጸሐፊ ከሁለት መቶ ዓመት ገደማ በኋላ ስለዚሁ ወይን ጠጅ ሲጽፍ እንደ ማር መወፈሩን ይነግረናል። እንግዲህ አለልክ የመቆጠብ ታሪክ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ምስክር አለው ማለት ነው።

ከሮማውያን መንግሥት ውድቀት በኋላ ግን ዕቃን አሽጎ የማቆየት ልማድ በአውሮፓ ተዳከመ። በመካከለኛው ዘመን ወይን ጠጅ የሚቀመጠው በእንጨት በርሜል ስለ ነበረ፣ በርሜሉ በጎደለ ቁጥር አየር እየገባ መጠጡን ያሆመጥጠዋል። ስለዚህ በገበያ የሚወደደው አዲሱ ሲሆን አሮጌው ዋጋ ያጣ ነበር። «መቼ ይከፈት?» ለሚለው ጥያቄም «ሳይበላሽ ቶሎ» የሚል መልስ ይበቃ ነበር።

ይህን ሁኔታ የለወጠው የምድጃ ሥራ ነው። በ1615 ዓ.ም. የእንግሊዙ ንጉሥ ቀዳማዊ ጄምስ ለመርከብ መሥሪያ የሚሆነው እንጨት እንዳያልቅ በማሰብ የመስተዋት ሠራተኞች በእንጨት እንዳያነዱ ከለከለ። ሠራተኞቹም ወደ ድንጋይ ከሰል ዞሩ። የከሰሉ ምድጃ ሙቀቱ ከፍ ያለ በመሆኑ ከእርሱ የሚወጣው ጠርሙስ ወፍራም፣ ጠንካራና ጥቁር ሆነ። ከኢቤሪያ ምድር ከሚገኘው ዛፍ ቅርፊት የሚቆረጠው ቡሽ ተጨመረበት። በ18ኛው መቶ ዓመት ደግሞ ሆዱ እንደ ሽንኩርት የተነፋው ጠርሙስ እየቀጠነ መጥቶ በጎኑ ለማስተኛት ተቻለ። ጠርሙሱ ሲተኛ ቡሹ በመጠጡ እየራሰ ያብጣል፤ አየርም አያሳልፍም። እነዚህ ሦስት ነገሮች ሲገናኙ ወይን ጠጅ ለአሥርና ለሃያ ዓመታት ቀርቶ ለመቶ ዓመት የሚጠብቅ ንብረት ሆነ። የመክፈቻው ቀን ጥያቄም የዚያኑ ጊዜ አብሮ መጣ።

በጠርሙሱ ውስጥ የሚካሄደው ሥራ

ጠርሙሱ ቢዘጋም በውስጡ ያለው ሥራ አይቆምም። ከወይኑ ቆዳና ፍሬ የመጣው አፍ የሚያኮማትር ታኒን ከቀለሙ ጋር እየተያያዘ ያድግና በመጨረሻው እንደ አምቡላ ከታች ይዘቅጣል። መጠጡ ይለሰልሳል፤ ቀዩ ወደ ጡብ መልክ፣ ነጩም ወደ ወርቅ መልክ ይለወጣል። በቡሹ በኩል እጅግ ጥቂት ኦክሲጅን ይገባል። ሙቀት ሲጨምር ይህ ሁሉ ይፈጥናል፤ ስለዚህም ባለሙያዎች ጨለማና እርጥበት ያለውን፣ ሙቀቱ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ የሆነ ምድር ቤት ይመርጣሉ። ሥራው ግን የሚያሻሽል ብቻ አይደለም። መጠጡ ከፍ ይላል፤ ለጥቂት ጊዜ ይረጋል፤ ከዚያም ይወርዳል። ከፍታው የት ላይ እንደ ሆነ ጠርሙሱ ከውጭ አይናገርም።

ለእኛ ለመሐንዲሶች ይህ እንግዳ ችግር አይደለም። የኮንክሪትን ጥንካሬ ለማወቅ ኩቡን በ7ኛውና በ28ኛው ቀን እንሰብራለን፤ የተሰበረው ኩብ ስለ ቆመው ምሰሶ ይመሰክራል። ወይን ጠጅንም አሥራ ሁለት ጠርሙስ ባንድ ሣጥን የሚገዛ ሰው በየጥቂት ዓመቱ አንዱን እየከፈተ ስለ ቀሩት ይማራል። ጠርሙሱ አንድ ብቻ ሲሆን ግን ናሙናውና ሕንፃው አንድ ይሆናሉ፤ መፈተሹም መጨረሱ ነው።

የታሪክ ምስክሮች

በ1540 ዓ.ም. አውሮፓ ብርቱ ድርቅና ሙቀት ደረሰባት። በጀርመን አገር በቩርዝቡርግ ከተማ የዚያ ዓመት ወይን እጅግ ጣፋጭ ስለ ሆነ መጠጡ ለብዙ ትውልድ ተጠብቆ ቆየ። ከዚሁ የተረፈ ጠርሙስ በ1961 ዓ.ም. በለንደን ተከፈተ። ከቀማሾቹ አንዱ የነበረው ደራሲ ሂው ጆንሰን እንደ ጻፈው፣ መጠጡ ከአራት መቶ ዓመት በኋላ ሕይወት ነበረው፤ ነገር ግን አየር እንደ ነካው ወዲያው በብርጭቆው ውስጥ ሞተ። የደረሱበት ሰዎች ጥቂት ጉንጭ ቀመሱ፤ ምስክርነቱም ተጻፈ።

በአንጻሩ በታኅሣሥ 1985 በለንደን የክሪስቲ ሐራጅ ላይ አንድ የ1787 ላፊት ጠርሙስ በ105,000 ፓውንድ ተሸጠ። ጠርሙሱ የአሜሪካው ፕሬዚዳንት የቶማስ ጄፈርሰን ንብረት ነበረ ተብሎ ነበር። ገዢው የፎርብስ ቤተ ሰብ ለሕዝብ እንዲታይ አቆመው። በማሳያው መብራት ሙቀት ቡሹ ደርቆ ተኮማተረና ወደ ውስጥ ወደቀ። ማንም ሳይቀምሰው አየር ገባበት። ከዚያም ወዲህ እንዲህ ዓይነት ፊደል የተቀረጸባቸው ጠርሙሶች እውነተኛነት ራሱ በብርቱ ተጠርጥሮ እስከ ፍርድ ቤት ደርሷል።

በ2010 ዓ.ም. ደግሞ በባልቲክ ባሕር፣ በኦላንድ ደሴቶች አጠገብ፣ 50 ሜትር ያህል ጥልቀት ላይ ከሰጠመች መርከብ 168 የሻምፓኝ ጠርሙሶች ተገኙ። 170 ዓመት ያህል በጨለማና በብርድ ቆይተዋል። በ2015 የታተመው ጥናት እንደሚያሳየው በአንድ ሊትር 150 ግራም ገደማ ስኳር ነበረባቸው፤ በዛሬው ብሩት ሻምፓኝ ግን ከ12 ግራም አይበልጥም። ጥቂቶቹ ስለ ተከፈቱ የ19ኛው መቶ ዓመት ሰው የሚወደው ጣዕም ምን እንደ ነበረ ለማወቅ ተቻለ። የቀሩትም ዋጋቸው አልወደቀም፤ በ2011 አንዱ የቭቭ ክሊኮ ጠርሙስ በ30,000 ዩሮ ተሸጠ።

አለመክፈት ትክክል የሚሆንበትም ጊዜ አለ። በጀርመን በሽፓየር ከተማ ሙዚየም ከ4ኛው መቶ ዓመት የቀረ፣ በ1867 ዓ.ም. ከሮማውያን መቃብር የወጣ ጠርሙስ ይገኛል። ከላዩ የፈሰሰው ዘይትና ሰሙ ስላሸጉት ፈሳሹ እስከ ዛሬ አልደረቀም። አልኮሉ ግን እንደ ጠፋ ይታመናል። የሚጠጣ ነገር ከሌለው፣ መክፈቱ ከሚሰጠው ዕውቀት የሚያጠፋው ይበልጥ ይሆናል ብለው ጠባቂዎቹ ዘግተው ይዘውታል። ይህ ጠርሙስ ከመጠጥነት ወጥቶ ቅርስ ሆኗልና ፍርዳቸው ተገቢ ይመስለኛል።

ሳይሰብሩ መፈተሽ

የዘመናችን ሙያ ይህን ጭንቀት በመጠኑ አቅልሎታል። የቦርዶው ፊዚክስ ሊቅ ፊሊፕ ዩቤር ጠርሙሱ ሳይከፈት የሲዚየም 137ን ጨረር በመስተዋቱ በኩል የሚለካበት ዘዴ አቀረበ። ይህ ንጥረ ነገር ከ1945 የአቶሚክ ፍንዳታ በፊት በዓለም ስላልነበረ፣ ከተገኘ ወይኑ ከዚያ ወዲህ የተጠመቀ መሆኑ ይረጋገጣል። በ2013 ለገበያ የቀረበው ኮራቪን የተባለው መሣሪያም ቀጭን መርፌ በቡሹ አሳልፎ ጥቂት ይቀዳና በምትኩ አርጎን ጋዝ ያስገባል። ከዚህ ሌላ ፈሳሹ ከቡሹ በታች ምን ያህል እንደ ጎደለ፣ በብርሃን ሲታይ መልኩ ምን እንደ ሆነ፣ የት ተቀምጦ እንደ ቆየ መመርመር ለማንም የተፈቀደ ነው።

ይሁን እንጂ ይህ ሁሉ ተደርጎ የሚቀር ጥርጣሬ አለ። መጠበቅ ይህን ጥርጣሬ አይቀንሰውም፤ እንዲያውም ከከፍታው ወዲያ በየዓመቱ ኪሳራውን ያሳድገዋል። በአሜሪካ የዎል ስትሪት ጆርናል ዓምደኞች ዶሮቲ ጌይተርና ጆን ብሬቸር አንባቢዎቻቸው ያለ ቀጠሮ የሚያስቀምጡትን ጠርሙስ በየዓመቱ በየካቲት መጨረሻ ቅዳሜ እንዲከፍቱ ከ2000 ዓ.ም. ግድም ጀምሮ የጋበዙት ለዚህ ነበር። ዕለቱ በራሱ ምንም የተለየ ነገር የለውም፤ ጥቅሙ መወሰኑ ላይ ነው።

ስለዚህ ውሳኔው በሁለት መለኪያዎች ቢቆም መልካም ነው። የመጀመሪያው መጠጡ ነው፤ ስለ እርሱ ከላይ ተነግሯል። ሁለተኛው አብረው የሚጠጡት ሰዎች ናቸው። ለአባቱ ሰባኛ ዓመት የተቀመጠ ጠርሙስ በልጁ ስስት ምክንያት እስከ ሰማንያኛው ዓመት ቢቆይ፣ ወይኑ ደኅና ሆኖ አባትየው ላይገኙ ይችላሉ። ከሁለት አንዱ መሳሳቱ የማይቀር ከሆነ ጥቂት ቀደም ብሎ መክፈት ይሻላል፤ ያልበሰለ ወይን ጠጅ ይጠጣል፤ ያለፈበት ግን ይደፋል።