ከእልፍኝ ወደ ፄዋዌ፦ በኦምዱርማን የቀሩት ወይዛዝርት

ነጭና ጥቁር ዓባይ ከሚጋጠሙበት ስፍራ በስተ ምዕራብ የተዘረጋችው ኦምዱርማን በእኛ ታሪክ ስሟ በተነሣ ቁጥር የሚታሰበን፣ በመተማ ጦርነት ቆስለው መጋቢት 2 ቀን 1881 ዓ.ም. ያረፉት የዐፄ ዮሐንስ ራስ ወደ እርሷ ተወስዶ ለሕዝብ መታየቱ ነው። ይህን ጸሐፊዎቻችን ደጋግመው ጽፈውታል፤ መጻፍም ይገባቸው ነበር። ነገር ግን ከዚያ ከአንድ ዓመት በፊት፣ በዚያው በመተማ መንገድ፣ በባዶ እግራቸው እየተነዱ ወደ ኦምዱርማን የወረዱ የጎንደርና የጎጃም ሴቶች ነበሩ። ከምርኮኞቹም አንዷ የንጉሥ ልጅ ነበረች።

የተነጠቁትን ነገር ለመረዳት የዚያን ዘመን የቤተ መንግሥት ሴት አኗኗር ማሰብ ያስፈልጋል። የመኳንንት ልጅ ነፍስ ስታውቅ ዳዊት ትደግማለች፣ ፈተል ትማራለች፣ ቀጥሎም ለእቴጌዪቱ ወይም ለአንዲት ታላቅ ወይዘሮ ተሰጥታ በእልፍኝ ደንገጡር ሆና ታድጋለች። እመቤቲቱ ስትበላና ስትጠጣ ሸማ ዘርግታ ከዓይን ትከልላለች፤ እጅ ታስታጥባለች፤ ከጓዳ የሚወጣውን ጠጅና ወጥ ትቆጣጠራለች፤ ከደጅ የቆመው ማን እንደ ሆነና ስለ ምን እንደ መጣ አስቀድማ ታውቃለች። ደንገጡር መባል ለማያውቀው የአገልጋይነት ስም ቢመስለውም፣ የቤተ መንግሥቱን ምስጢር ሰምታ በልቧ የምትይዝ እርሷ ስለሆነች፣ ሹመት ፈላጊው ባላባት ሳይቀር አማላጅነቷን ይለምናል፤ ስትዳርም እመቤቷ እንደ እናት ሆና ትድራታለች።

የዚህ ሥርዓት መናገሻ ጎንደር ነበረች። እቴጌ ምንትዋብ በደብረ ፀሐይ ቍስቋም ባሠሩት ቤተ መንግሥት ሴቶች ልጆቻቸውንና ወይዛዝርቶቻቸውን ሰብስበው ይኖሩ እንደ ነበር፣ በ1762 ዓ.ም. ጎንደር የገባው ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ በሰፊው ጽፏል። ብሩስ በቍስቋም በፈንጣጣ የታመሙትን የቤተ መንግሥት ልጆች ሲያክም ካወቃቸው ሰዎች ሁሉ አጉልቶ የሣላቸው የእቴጌዪቱን ልጅ ወይዘሮ አስቴርን ነው፤ የተገደሉባቸውን ባላቸውን የማርያም ባርያን ደም ሳይረሱ፣ የኃይለኛው የራስ ሚካኤል ስሑል ባለቤት ሆነው በዘመኑ ፖለቲካ መካከል የቆሙ ሴት ነበሩ። እንዲህ ያለችውን ሴት የምታሳድገው ቍስቋም ከመቶ ዓመት በላይ ቆይታ በ1880 ዓ.ም. በሱዳን ማህዲስቶች፣ እኛ ድርቡሾች በምንላቸው፣ እሳት ነደደች።

የዚያ እሳት መነሻ ከአንድ ዓመት በፊት ነው። የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት በ1879 ዓ.ም. መተማ ወርደው የማህዲስቶቹን አዛዥ ወድ አርባብን ገድለው ከተማውን አቃጥለው ሲመለሱ፣ ድል አድራጊው ሠራዊት ይዟቸው የመጣ ሴቶችና ልጆች ነበሩ። ይህም ሳይሸሸግ መጻፍ አለበት፤ የሱዳን እናቶች ለቅሶ ከእኛ እናቶች ለቅሶ የቀለለ አልነበረምና። የማህዲስቶቹ መሪ ኸሊፋ ዓብዱላሂ ብድሩን ለመመለስ የጦር አዛዡን አቡ ዓንጃን ላከ። ጥር 10 ቀን 1880 ዓ.ም.፣ ሕዝበ ክርስቲያን ታቦታቱን አጅቦ ወደ ባሕረ ጥምቀት በሚወርድበት በከተራ ዕለት፣ በደምቢያ ሳር ውኃ ላይ የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ጦር ተሸነፈ። የኢትዮጵያ ንጉሥ ሲዘምት ጓዙ፣ ጠጅ ቤቱና እልፍኙ አብሮ ይዘምት ስለ ነበር፣ ሰፈሩ በጠላት እጅ ሲወድቅ የንጉሡ ሴት ልጅም ተማረከች። አቡ ዓንጃ ከዚያ ወደ ጎንደር ወጥቶ አብያተ ክርስቲያናቱን አቃጠለ፤ ያገኛቸውንም ሴቶችና ሕፃናት አስነድቶ ተመለሰ።

ከጎንደር ደጋ ተነሥቶ በመተማ ቆላ አልፎ እስከ ዓባይ ዳር የተደረገውን ጉዞ የሚመሰክርልን፣ በማህዲስቶች እጅ ከ11 ዓመት በላይ የቆየውና በኸሊፋው ደጅ እንዲቆም የተገደደው ኦስትሪያዊው ሩዶልፍ ስላቲን ነው። እርሱ እንደጻፈው፣ በጅራፍ እየተነዱ፣ ተርበውና ተራቁተው ከተነሡት በሺህ የሚቆጠሩ ክርስቲያኖች፣ ይበልጡንም ሴቶችና ልጆች፣ የሚበዙት በመንገድ አለቁ፤ ኦምዱርማን የደረሱትም እጅግ ከመጎሳቆላቸው የተነሣ ገዢ ስለ ጠፋላቸው ኸሊፋው ብዙዎቹን በነጻ አደላቸው። እንደ ከብት ተነዱ ይላል ስላቲን። ዳዊት የደገመች ልጅ በዚያ አሸዋ ላይ ስትሄድ፣ ስለ ባቢሎን ፄዋዌ የሚናገረውን መዝሙር ስንት ጊዜ በልቧ ደግማው ይሆን?

በከተማይቱ ውስጥ ከበይተል ማል (ከግምጃ ቤቱ) አጠገብ የባሪያ ገበያ ነበረ። ከገበያው የተረፈችውን ደግሞ የሚጠብቃት የኸሊፋው ቤት ነበር። በስላቲን ምስክርነት በዚያ ቅጥር ከ400 በላይ ሴቶች ይኖሩ ነበር፤ ከ15 እስከ 20 እየሆኑም በአንዲት አለቃ ሥር ይመደባሉ፤ ጃንደረቦች ይጠብቋቸዋል። ከጎንደር እልፍኝ የመጣች ሴት በዚህ ቤት የምታየው ሥርዓት ለዓይኗ ፈጽሞ እንግዳ አይሆንባትም፤ መጋረጃም፣ ጃንደረባም፣ አለቃም አለና። ዳሩ ግን በጎንደር የአባቷ ስም፣ የደብሯ ስም፣ የነፍስ አባቷ ስም ከእርሷ ጋር ሲኖሩ፣ እዚህ ግን በቁጥር ብቻ የምትታወቅ ናት። ከሞት ይልቅ ይህን የከፋ መከራ አድርጌ አየዋለሁ።

ነሐሴ 28 ቀን 1890 ዓ.ም. የእንግሊዝና የግብፅ ሠራዊት በከረሪ ድል አድርጎ ኦምዱርማን ሲገባ ኸሊፋው ሸሸ። ከሳር ውኃ እስከዚያች ዕለት 10 ዓመት ከ7 ወር አልፏል፤ በ12 ዓመቷ የተማረከች ልጅ በሕይወት ቆይታ ከሆነ 22 ዓመት ሞልቷታል፤ ቋንቋዋ ዓረብኛ፣ ልጆቿም የዚያ አገር ልጆች ሆነው ይሆናል። አውሮፓውያኑ ምርኮኞች፣ ስላቲንም ሆነ ቄሱ ኦርዋልደር፣ አምልጠው መጽሐፍ ጻፉ፤ የራሳቸውንም ወገኖች በየስማቸው መዘገቡ። ለእነዚያ ሴቶች ግን የጻፈላቸው ወገን አልተገኘም። እንግዲህ በጎንደርም ሆነ በጎጃም፣ በካርቱምም ሆነ በኦምዱርማን፣ ቅድመ አያቱ በዚያ ፄዋዌ መወሰዷን በቤተሰቡ ሲነገር የሰማ ሰው ካለ፣ የክርስትና ስሟንና የተወለደችበትን ደብር ሳይዘገይ በጽሑፍ ያስቀምጥልን።