ውጅግራ በዋቸሞ ደጋ

ዛሬ ሆሳዕና የምትባለው ዋቸሞ ከዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ ነፍጥ ያነገበ ወታደር የሰፈረባት የሐድያ ከተማ ናት። በዚያ ዘመን በሀገራችን ከበዙት ጠመንጃዎች አንዱ፣ ፈረንሳይ በ1874 እ.ኤ.አ. ለሠራዊቷ የተቀበለችው ባለ 11 ሚሊ ሜትር ውጅግራ ነበረ። የዚህ መሣሪያ ዐቢይ ነውር ከጥቁሩ ባሩድ የሚመነጭ ነው፤ ከተኩስ በኋላ በአፈሙዙ ውስጥ የሚቀረው ጥላሸት የደጋውን ርጥበት እየሳበ ብረቱን ያዝገዋልና፣ በዘንግ የተጠቀለለው ጨርቅ ንጹሕ ሆኖ እስኪወጣ ድረስ መወልወል ይገባል። ከዚህም የከፋው፣ ጥይት እንደ ገንዘብ በገበያ ይዘዋወር በነበረበት ወራት፣ ቀለሁ ባሩድ እየተሞላ ደጋግሞ መተኮሱ ነው፤ ናሱ ይደርቅና አንገቱ ይሰነጠቃል፣ እሳቱም ወደ ተኳሹ ዓይን ሊመለስ ይችላል። የጦር ታሪካችን ድልን በሰፊው ሲዘክር የዚህን መከራ ሰለባዎች መዘንጋቱ እጅግ ያሳዝነኛል፤ ቀለሁን በጥፍሩ ዳስሶ ስንጥቅ ያገኘበትን የሚጥል ሰው ከጀግናው ባላነሰ ሊመሰገን ይገባው ነበር።