ዳዶ ወይስ ኦም? የአሮጌ ብስክሌት ታሪክ

ለኪፑር አንድ ሳምንት ሲቀረው ሰፈራችን ብስክሌት በብስክሌት ይሆናል። በዚያ ቀን መኪና ስለማይንቀሳቀስ መንገዱ ሁሉ የልጆች ነው። ያለው ያወጣል፣ የሌለው ይፈልጋል። በ1997 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) እኔ የ12 ዓመት ልጅ ነበርኩና ከሌላቸው ወገን ነበርኩ። ከቆሻሻ ገንዳው አጠገብ አንዲት ብስክሌት ተጥላ አገኘሁ። ካቴናዋ ዝጓል፣ የፊት ጎማዋ ተቀዷል፣ የግራ ፔዳል የላትም። እየጎተትኩ ከብሎካችን ጀርባ ወሰድኳት። አባቴ ከሌሊት ጥበቃ ሥራ ገብቶ ትንሽ ተኝቶ ነበር፤ ሲነሣ ወርዶ አየኝ። ዝም ብሎ አጠገቤ ቁጭ አለ።

«ዳዶውን አቀብለኝ» አለኝ።

«ምኑን አባ?»

«ዳዶውን! ብሎኑ ላይ የሚጠብቀውን።»

«እ... ኦም!»

እሱ ኦም አያውቅም፣ እኔ ዳዶ አላውቅም። ካቴና ሲለኝ ሻርሸሬት እለዋለሁ። ካቻቢቴ ሲለኝ መዶሻ አቀበልኩት። ከሰዓት በኋላው በሙሉ ለአንዲት ብስክሌት በሁለት ቋንቋ ስንጨቃጨቅ ዋልን።

የአባቴ ቃላት ከየት እንደመጡ የገባኝ ካደግኩ በኋላ ነው። ዳዶ ጣሊያንኛ ነው። ካቴና፣ ጎማ፣ ፍሬን፣ ኩሽኔታ፣ ካቻቢቴም እንደዚሁ። ከመነዳሪ የምንለው እንኳ በጣሊያንኛ «የአየር ክፍል» ከሚለው የመጣ ነው። ጣሊያን ኤርትራን በ1890 ቅኝ ግዛቴ ብሎ አወጀ፤ ኢትዮጵያንም ከ1936 እስከ 1941 ያዘ። ሲባረር ቃላቱን ትቶ ሄደ። የጎንደር ፒያሳ በዚያ ዘመን የተሠራ ነው፤ ጎሚስታውና መካኒኩም በዚያው ቋንቋ ለመዱ። አስመራ እስከ ዛሬ የብስክሌት ከተማ ናት። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ የገባችበት የ1956ቱ የሜልቦርን ቡድን ሯጮች ብቻ አልነበሩበትም፤ እነ ገረመው ደንቦባ በብስክሌት ተወዳድረዋል። ይህን ለልጆች ስነግራቸው አያምኑኝም፣ ሩጫ ብቻ ነው የሚመስላቸው።

እኛ የምንኮራበት የሰፈር ዕብራይስጥስ? «ፓንቸር» እንግሊዝኛ ነው። «ብሬክሲም»ም እንግሊዝኛ ነው፤ በእንግሊዝኛ ብዙ ቁጥር የነበረውን እንደገና በዕብራይስጥ አብዝተውት ነው። እንግሊዝ እስከ 1948 ድረስ ይህን አገር ይገዛ ነበርና አይገርምም። አሮጌ ዕቃ የሚሰበስበው ሰውዬ «አልቴ ዛኽን!» እያለ በመኪና ሲያልፍ ሰምታችኋል። እሱ ደግሞ ይዲሽ ነው፣ «አሮጌ ዕቃ» ማለት። ብዙ ጊዜ የሚጮኸው ግን አረብ ነው። እንግዲህ በአሮጌ ዕቃ ዙሪያ ሁሉም ሰው የሌላ ሰው ቋንቋ ነው የሚናገረው።

ብስክሌቷ ራሷ ግን አንድ ቋንቋ ብቻ ነው የምታውቀው፣ ልክ። ሃንስ ሬኖልድ የሚባል ሰው ማንቸስተር ውስጥ ዛሬ የምናውቀውን ዓይነት ካቴና በ1880 ሠራ። በ1885 ጆን ኬምፕ ስታርሊ ኮቨንትሪ ላይ «ሮቨር» የተባለችውን፣ በካቴና የኋላ ጎማዋ የሚነዳውን ብስክሌት አወጣ። በ1888 ዳንሎፕ ለልጁ ባለ ሦስት እግር ብስክሌት ብሎ በአየር የሚነፋ ጎማ ሠራ። ዛሬ መንገድ ላይ የምታዩት ብስክሌት ሁሉ የሮቨር ልጅ ነው ማለት ይቻላል። የካቴና ጥርስ ከጥርስ ርቀትም ዛሬ በሁሉም ዘንድ ለማለት ይቻላል ግማሽ ኢንች፣ 12.7 ሚሊ ሜትር ነው። በድህነት የሚጠገን ነገር በዓለም ላይ ብዙ ነው፤ ከአንዱ ቆሻሻ የወጣ ዕቃ ለሌላው እንዲህ የሚገጥምለት ግን ጥቂት ነው።

ልኩን የማያውቅ ግን ይከስራል። እኛ ከሰርን። ከጎማው ጎን ላይ 26 የሚል አንብቤ ከያፎ አሮጌ ዕቃ ገበያ 26 የሚል ሌላ ጎማ ገዛሁ። ለካ 26 ብዙ ዓይነት ነው! መታየት ያለበት ጎኑ ላይ በትንንሹ የተጻፈው ባለ ሦስት አሃዝ ቁጥር ነው። የእኛ ቸርኬ 559 ነበር፣ የገዛሁት ጎማ 590። ልዩነቱ 31 ሚሊ ሜትር ነው፣ በምንም ጉልበት አይገጥምም። የወር ኪሴ ሄደ። ፔዳሉንም ላበላሸው ነበር። የግራ ፔዳል የሚጠብቀው ወደ ግራ ሲዞር ነው፤ እኔ ወደ ቀኝ እየታገልኩ ጥርሱን ልበላው ስል አባቴ እጄን ያዘና «ብረት እንቢ ካለህ ምክንያት አለው» ብሎ በጣቱ ወደ ግራ አዞረው። ሰተት ብሎ ገባ። ካቴና ስትገዙም በማስመሪያ ለኩ፤ አዲሱ በ12 ሙሉ ማያያዣ 305 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፣ 307 ካለፈ አልቋል፣ በነፃም ቢሰጧችሁ አትውሰዱት፣ ማርሹን ይበላባችኋል።

ስለዚያ 559 ልንገራችሁ። ቁጥሩ የመጣው ሽዊን የተባለው የአሜሪካ ፋብሪካ በ1933 ካወጣው ወፍራም ጎማ ነው። ከ40 ዓመት በኋላ እነዚያ ከባድ ብስክሌቶች አሮጌ ዕቃ ሆነው ተጣሉ። ካሊፎርኒያ ውስጥ በታማልፓይስ ተራራ ሥር የሚኖሩ ወጣቶች በጥቂት ዶላር እየገዙ፣ ከሌላ ብስክሌት ማርሽ፣ ከሞተር ሳይክል የፍሬን እጀታ እየነቀሉ ገጠሙባቸውና በኮረት መንገድ ቁልቁል መውረድ ጀመሩ። የኋላ ፍሬኑ ከመጋሉ የተነሣ ግራሶው ይቃጠልና ይጨስ ነበር፤ ከእያንዳንዱ ውረድ በኋላ እንደገና ግራሶ መሙላት ግድ ነው። መንገዱን ራሱን ከዚህ ተነሥተው «ሪፓክ» አሉት። የመጀመሪያው ውድድር ጥቅምት 21 ቀን 1976 ተደረገ። በሚቀጥለው ዓመት ጆ ብሪዝ ለዚያ አነዳድ ብሎ አዲስ ብስክሌት ሠራ። ዛሬ በሺህ ሸቀል የሚሸጠው የተራራ ብስክሌት እንግዲህ ከቆሻሻ ነው የተወለደው። በ12 ዓመቴ ይህን ባውቅ ኖሮ፣ የክፍሌ ልጆች «ከዜቤል ያነሣሃት» ሲሉኝ መልስ አላጣም ነበር።

አሁን ወደ አባቴ። የፊት ሹካዋ ወደ ጎን ተጣሞ ነበር። አባቴ ከማቀዝቀዣው በር ላይ ማግኔት ነቅሎ አስጠጋው፤ ያዘ። «ይሄ ብረት ነው፣ ይታረቃል፤ አሉሚኒየም ቢሆን ይሰበር ነበር» አለ። ከዚያ በጣውላና በድንጋይ መካከል አድርጎ በዝግታ፣ በእጁ ክብደት ብቻ አቃናው። ማን እንዳስተማረው ጠየቅኩት። ብዙ ቆይቶ «አያትህ» አለኝ።

አያቴ ቀጥቃጭ ነበር፣ አባቴም ወናፍ እየነፋ ነው ያደገው። ይህን እስከዚያ ቀን አልሰማሁም። ቤተ እስራኤል ርስት ከተነፈገ በኋላ በእደ ጥበብ መኖሩን፣ በጎንደር ዘመን ግንበኛና አናጢ ሆኖ ቤተ መንግሥት መሥራቱን በትምህርት ቤት አንድ ገጽ እንኳ አላነበብንም። ገበሬው ማረሻና ማጭዱን ከእኛ ይወስድ ነበር፤ ማታ ደግሞ «ቡዳ» ብሎ ልጁን ይደብቃል። አባቴ እዚህ ሲመጣ ፎርም ላይ የቀድሞ ሥራህ ሲሉት «ገበሬ» ብሎ አስሞላ። ግማሹ እውነት ነው፣ ያርስም ነበር። ግማሹን ግን ስድቡን እዚህም እንዳይሰማው ብሎ ዋጠው። እኔ በብስክሌቷ አፍሬ ነበር፤ እሱ በእጁ ያፍር እንደነበር ያን ቀን ነው ያወቅኩት።

ያን ሳምንት የጎረቤት ልጆች እየሰሙ መጡ። አንዱ ሩሲያ፣ አንዱ ሞሮኮ፣ ሁለቱ የኛው። ገንዘብ አልተቀበለም፤ አንዲት እናት የላከችውን ኬክ ግን በላን።

በኪፑር እኔን አልፈቀደልኝም፣ ጾም ነው አለ። ነጭ ለብሰን ከጸሎት ስንመለስ ልጆቹ በባዶው መንገድ በአጠገባችን እየበረሩ አለፉ። አባቴ ቆም ብሎ ጆሮውን ሰጠ።

«ያቺ ሦስተኛዋ» አለኝ፣ «ካቴናዋ ዘይት ትፈልጋለች። ነገ ማታ ይዘሃት ና።»